ውሃ የሚያፈስ ፒካፕ ስንት ያወጣል?

300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ሂሉክስ ገበያ ሲወጣ ደላላው የሚያሳየው ቀለሙንና ጎማውን ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ስለተጨመረው ማሸጊያ ዱቄት አያነሳም። ዱቄቱ ለሽያጩ ሰሞን ይይዛል፤ ሰንብቶ ግን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ሊደፍን ይችላል።

«ትንሽ ውሃ ቢቀንስ ነው» የሚባለው ማባበያ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ110 በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው በክዳኑ የታመቀው ግፊት ሲሆን፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ ግፊቱም የለም። ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና እንዲህ ሆኖ ከፈላ ቴስታታው ይጣመማል፤ ነጋዴው የቆጠበው ሁሉ እዚያው ዳገት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ክዳን፣ ፋሼታ፣ የውሃ ጎማና ቴርሞስታት በአንድ ጊዜ ቢለወጡ ወጪው ከቴስታታ ሥራ ጋር አይወዳደርም። የነሐስ ራዲያተር በስታኞ ይበየዳል። ላዩ ፕላስቲክ የሆነው ከተሰነጠቀ ግን ይቀየር እንጂ በማጣበቂያ ባይደከምበት ይሻላል።

ገዢ ሞተሩ ሳይነሳ በማለዳ ሄዶ ክዳኑን ይክፈት፤ ከዚያም ጋራዥ ወስዶ ግፊቱን ያስለካ። ሻጭ «አሙቄ ጠበቅኩህ» ካለ፣ የቴስታታው ሒሳብ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ።