ስለ አትክልት ማጠጫ ጐማ ርዝመትና ስፋት

በግቢው አትክልት ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያየው በቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ ለምልሞ ሳለ በአጥሩ ዳር ያለው መደብ ይጠወልጋል። የቤቱ ጌታም ይህን ባየ ጊዜ አትክልተኛውን ጠርቶ «ይህን መደብ ስለ ምን ሳታጠጣው ቀረህ?» ብሎ ይወቅሰዋል። አትክልተኛውም «ጌታዬ፤ ዘወትር አጠጣለሁ፤ ውሀው ግን እዚህ ሲደርስ ይደክማል» ብሎ ቢመልስ የስንፍና ማመካኛ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እውነቱ ከአትክልተኛው ጋራ ነው።

ውሀ በጐማ ውስጥ የሚሄደው ከኋላው የሚገፋው ኃይል ስላለ ነው፤ ይህም ኃይል ከሞተር ካልሆነ ከከፍታ የሚገኝ ነው። በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሀ በቧንቧ አውርዶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኰረብታ ባወጣው ጊዜ ያየው ሕዝብ ተደንቆ ነበር። ውሀውን ወደ ላይ ያወጣው ግን የእንጦጦ ከፍታ እንጂ ሌላ ምሥጢር አልነበረም።

እንግዲህ የጐማው ጫፍ ተዘግቶ ውሀው ቆሞ ሳለ ይህ ኃይል በሜዳ ላይ እስከ ጫፉ ድረስ ሳይጐድል ይገኛል፤ ጐማው ቢጠብም ቢሰፋም ልዩነት የለውም። ውሀው መሄድ ሲጀምር ግን ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ እንደሚያልፍ ሁሉ ውሀውም ከጐማው ግድግዳ ጋራ እየተፋተገ በየሜትሩ ኃይሉን ይከፍላል። ስለዚህ ጐማው በረዘመ ቍጥር ኬላው ይበዛል፤ በጠበበም ቍጥር ቀረጡ ይከብዳል።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ከቆመ ማጠራቀሚያ የሚመጣ ውሀ፣ የውስጥ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር በሆነ የ20 ሜትር ጐማ ቢሄድ በደቂቃ 17 ሊትር ያህል ይወርዳል። ጐማው 40 ሜትር ቢሆን 12 ሊትር ያህል ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ውሀው በግማሽ የሚቀንስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚጐድለው ግን ከሲሶ ጥቂት ያነሰ ነው። በስፋት በኩል ያለው ልዩነት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጐማ በ20 ሜትር 46 ሊትር፣ በ40 ሜትርም 32 ሊትር ያህል በደቂቃ ይሰጣል። ይኸውም ሰፊው ጐማ እጥፍ ረዝሞ እንኳ ከአጭሩ ጠባብ ጐማ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ውሀ ያወርዳል ማለት ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ የጐመን መደብ ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ሊትር ቢሰጠው 1000 ሊትር ይፈልጋል። አትክልተኛው ይህን በ40 ሜትር ጠባብ ጐማ ሲያጠጣ ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ይቆማል፤ በሰፊው ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ውሀ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህ ልዩነት የዳሩን መደብ ማዳን ወይም መተው ነው።

የስፋትን ኃይል አስቀድመው በቍጥር የለኩት ጀርመናዊው ሐገን በ1839 እና ፈረንሳዊው ሐኪም ፑአዜይ በ1840 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ፑአዜይ ይህን የመረመረው የደምን አካሄድ ለማወቅ ሲል ነበር። እጅግ ቀጭን በሆነ ቧንቧ ውስጥ ውሀ ሳይናወጥ ሲሄድ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን የሚያልፈው ውሀ 16 እጥፍ ይሆናል። በአትክልት ጐማ ግን ውሀው እየተናወጠ ስለሚሄድ ጭማሪው 6 እጥፍ ያህል ነው፤ ይህም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ብዙ ሰው ጠባብ ጐማ ለውሀ ኃይል ይሰጣል ብሎ ያምናል፤ ጣቱን በጐማው አፍ ላይ ሲያደርግ ውሀው ርቆ ሲወረወር አይቷልና። ይህ ግን የጫፉ ሥራ ነው። ጫፉ ሲጠብ የሚያልፈው ውሀ ያንሳል፤ በመንገድ የሚከፈለው ቀረጥም ስለሚቀንስ የተረፈው ኃይል ውሀውን ያርቀዋል። ጐማው ከዳር እስከ ዳር ጠባብ ሲሆን ግን ኃይሉ በመንገድ ያልቃል። እንግዲህ የሚሻለው ሰፊ ጐማ ይዞ ጫፉ ላይ ብቻ ጠባብ አፍ ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ቧንቧው ራሱ ጠባብ ወይም በዝገት የተደፈነ ከሆነ ለሰፊ ጐማ የወጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ አቅርቦ መጀመሪያ ከቧንቧው፣ ቀጥሎም ከጐማው ጫፍ ሞልቶ ጊዜውን በሰዓት መቍጠር ነው። ሁለቱ ጊዜ ከተቀራረበ ጥፋቱ የቧንቧው ወይም የምንጩ ነው፤ እጅግ ከተራራቀ ግን የጐማው ነው።

ሰፊው ጐማ ዋጋውም ክብደቱም የበለጠ መሆኑ አይካድም። በ40 ሜትሩ ውስጥ ያለው ውሀ ብቻ ከ11 ኪሎ ይበልጣል፤ ይህን በየመደቡ መካከል መጐተት ችግኝ ይሰብራል። ስለዚህ ሰፊውን እስከ አትክልቱ መካከል ዘርግቶ በዚያው መተውና በጫፉ 5 ሜትር የሚሆን ቀጭን ጐማ ቀጥሎ በእጅ መያዝ ይመቻል። በፀሐይ የዋለ ጐማም በውስጡ የቀረው ውሀ ስለሚግል፣ ቀዝቃዛው እስኪመጣ ድረስ የፊተኛውን ከመደቡ ውጭ ማፍሰስ ያስፈልጋል።