ኤሌክትሪኩ ከባጃጁ ይጀምር

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከለው በ2016 ዓ.ም. ነው። ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ነዳጁን በዶላር እንገዛዋለን፣ መብራቱ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ወንዝ ነው። ነገር ግን አርባ ምንጭ ላይ ሆነን እንየው። እዚህ ሕዝቡን ከሲቀላ ሴቻ የሚያመላልሰው የቤት መኪና ሳይሆን ባጃጅ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ታሪፉ ይጨምራል፣ ካልሆነም ዳገቱ በእግር ነው።

ለኤሌክትሪክ የሚመቸው ደግሞ ይኸው ባጃጅ ነው። ምልልሱ አጭር፣ አዳሩም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚያደርስ ባትሪ አይጨነቅም። ቁልቁለቱ እንኳ፣ ሞተሩ ከተሠራለት፣ ለባትሪው ጥቂት ይመልሳል።

የሚከብደው መግዣው ነው። ባንኮች ለባለ ባጃጆች ብድር፣ ከተማ አስተዳደሩም ሲቀላና ሴቻ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ያመቻቹ። «መብራት ሲጠፋስ?» ለሚለው መልስ መስጠት ያለበት መብራት ኃይል ነው።