ስለ መሣሪያ ግምትና ስለ ሰው ምርመራ

በዘመናችን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በዲ ኤን ኤ ውስጥ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈውን የፍጥረታት ጽሕፈት ማንበብ ችለዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የተባለችው ባክቴሪያ ጽሕፈት ተነቦ ሲያልቅ ከ1,800,000 በላይ ፊደል ተገኘባት።

ነገር ግን ፊደል መቁጠርና ትርጓሜውን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። የትኛው ክፍል ጂን እንደ ሆነ፣ ሥራውም ምን እንደ ሆነ በማስታወሻ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው። በ2014 የወጣው ፕሮካ የተባለው ፕሮግራም የአንዲትን ባክቴሪያ ጽሕፈት በተራ ኮምፒዩተር በዐሥር ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ጂኖቹ የሚጀምሩበትንና የሚያበቁበትን ሥፍራ ይገምታል፤ ቀጥሎም ከጂኑ የሚሠራውን ፕሮቲን ቀድሞ ከታወቁት ጋራ ያስተያያል፤ የሚመስለውን ሲያገኝ የዚያን ስም ይሰጠዋል፤ ሲያጣ ግን ሥራው እንዳልታወቀ ጽፎ ያልፈዋል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን «አልታወቀም» የሚለውን ቃል እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል። እኔ ግን ከማስታወሻው ሁሉ የሚከበረው እርሱ ነው እላለሁ፤ በመልክ መመሳሰል በሥራ መመሳሰል አይደለምና። አንድ የተሳሳተ ስም መዝገብ ውስጥ ከገባ፣ ኋላ የሚመጣው ፕሮግራም እንደ ኮራጅ ተማሪ ያንኑ ይገለብጠዋል፤ ስሕተቱም በብዙ ደብተር ላይ ሲገኝ እውነት ይመስላል። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 37 የኤንዛይም ቤተ ሰቦችን መርምሮ፣ በአብዛኛው በመሣሪያ በተሞሉት ትልልቅ መዛግብት ብዙ ስሕተት ሲያገኝ፣ ሰዎች እያነበቡ በሚያርሙት በስዊስ ፕሮት ግን ከሞላ ጎደል ምንም አላገኘም።

በ2016 ሊቃውንት 473 ጂኖች ብቻ ያሏትን ሕዋስ በላቦራቶሪ ሲሠሩ፣ የ149ኙ ሥራ እንዳልታወቀ ሳይደብቁ ጻፉ። መልካም አደረጉ። «አልታወቀም» የተባለ ነገር መርማሪን ይጠራል፤ በሐሰት ስም የተሸፈነውን ግን ማንም አይፈልገውም። መድኃኒት ፈላጊም በዚያ ስም ቢመራ የብዙ ዓመት ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ፊደል በእጅ ይመርመር የሚል የለም። የምለው፣ እያንዳንዱ ስም በላቦራቶሪ የተፈተነ ወይም በመምሰል የተገመተ መሆኑ አብሮ ይጻፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ በዚህ ሙያ ስትሰማሩ ከመሣሪያው መልስ በፊት «በምን ታወቀ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሙ።