ከፎቶግራፍ ሥር የሚጻፍ ቃል

በተማሪዎች መካከል የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ውድድር በሚደረግበት ጊዜ አብዛኛው ድካም የሚውለው በሥዕሉ ላይ ነው። ተወዳዳሪው ብርሃኑ እስኪለዝብ ይጠብቃል፤ ወፏ እንዳትበር ትንፋሹን ይውጣል፤ ካነሣቸውም ብዙ ሥዕሎች መካከል አንዱን ይመርጣል። ከሥዕሉ ሥር የሚሰፍረው መግለጫ ግን የሚጻፈው በመጨረሻው ሰዓት፣ በችኮላ ነው። «የተፈጥሮ ጸጋ»፣ «ፍቅር»፣ «የእናት አንጀት» የሚሉ አርእስት የሚበዙትም ስለዚህ ነው። ቅኔ በሚወደድበት አገር እንዲህ ያለው ቃል ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን ስለ ሥዕሉ የሚያስረዳው ነገር የለም።

ጉዳቱም በባዶነት ብቻ አያበቃም። ጭላዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ እንስሳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ሲሆን፣ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ከዚያም ተቀምጦ ሣሩን በእጁ እየነጨ ይበላል። አንዳንድ ጊዜ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይህን አይቶ ፎቶግራፍ ያነሣ ተማሪ «ጭላዳው ሲስቅ» ብሎ ቢጽፍ ተመልካቹ ደስ ይለዋል፤ ጽሑፉ ግን ስሕተት ነው። ከንፈር መገልበጥ ጭላዳዎች ማስፈራራትን ወይም ፍርሃትን እርስ በርሳቸው የሚገልጡበት ምልክት እንጂ ሳቅ አይደለም። ሥዕሉ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ቃሉ ሐሰተኛ አደረገው። በዚህ ፈንታ «ወንድ ጭላዳ ሌላ ወንድ ሲጠጋው ከንፈሩን ገለበጠ» ተብሎ ያየው ነገር ቢጻፍ ኖሮ፣ ተመልካቹ ሁለተኛውን ወንድ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ይፈልግ ነበር።

«ሥዕል ራሱ ይናገራል፤ መግለጫ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ሥዕል ግን የታየውን እንጂ እንዴት እንደ ተገኘ አይናገርም። የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተሸለሙት ሥዕሎች አንዱ በብራዚል ሌሊት የተነሣ ነበር፤ ምስጥ የሚበላ አንድ እንስሳ ወደ ኩይሳ ሲቀርብ ያሳያል። በሚቀጥለው ዓመት ባለሙያዎች ሲመረምሩት፣ እንስሳው በሕይወት ያለ ሳይሆን ቆዳው ተሞልቶ የቆመ በድን ነው የሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። ፎቶግራፍ አንሺው ቢክድም ሽልማቱ ተነጠቀ።

በትምህርት ቤት ውድድር እስከዚህ የሚደርስ አይገኝ ይሆናል፤ ትንሹ ሐሰት ግን ቅርብ ነው። ጫጩቶቹ ጎልተው እንዲታዩ ጎጆውን የጋረደውን ቅርንጫፍ የሰበረ ልጅ ከሥዕሉ ሥር «ሰው ያልደረሰበት ጎጆ» ብሎ ሊጽፍ አይገባውም። ቅርንጫፉ ከተሰበረ በኋላ ጫጩቶቹ ለፀሐይና ለጭልፊት ተጋልጠው ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ሥዕል ፈጽሞ ባይነሣ ይሻላል፤ ቢያሸንፍ እንኳ ሌሎቹ ተማሪዎች ከእርሱ የሚማሩት ቅርንጫፍ መስበርን ነው።

ለመልካም ሥዕል ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በመስከረም አደይ አበባ በብዙ የደጋ ትምህርት ቤቶች አጥር ሥር ይፈካል። «አደይ አበባ» ብቻ የተባለ ሥዕል የቢጫ ቀለም ውበት ሆኖ ይቀራል። ቦታው፣ ቀኑና የበቀለበት መሬት ዓይነት ከተጻፈበት ግን፣ ከ10 ዓመት በኋላ በዚያው አጥር ሥር የሚቆም ሌላ ተማሪ አበባው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መፍካቱን፣ ወይም ከነጭራሹ መጥፋቱን ያነጻጽርበታል።

ስለዚህ ዳኞች ከጠቅላላው ነጥብ ቢያንስ ሢሶውን ለመግለጫው ቢሰጡ ተገቢ ነው። ካሜራም ይሁን የእጅ ስልክ ይዞ የወጣ ተማሪ ደብተርና እርሳስም ይያዝ፤ ያየውንም ከቦታው ሳይለቅ ይጻፍ። የእንስሳውን ወይም የተክሉን ስም ካላወቀ በአካባቢው ያሉትን እረኞች ይጠይቅ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበትንም ስም ይመዝግብ። እነርሱም የማያውቁት ከሆነ «ስሙ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም፤ ዳኛም በዚህ ምክንያት ነጥብ ሊቀንስበት አይገባም።