እልልታው ስንት ይሁን? ከሚለው በፊት ሕጻኑ ይትረፍ



ለሕክምና ባንኮክ ወይም ሕንድ ደርሶ የመጣ ሰው ከሆስፒታሉ ቀጥሎ የሚያወራው አንድ ነገር አለ። «ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች እዚያ ሱቅ ውስጥ ይሸጣሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም!»

እኔም ዘመዴን ላስታምም ሕንድ ሄጄ አይቻለሁ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስተኛ ፆታ በሕግ እንዲታወቅ ወስኗል። ግን እነዚሁ ሰዎች የትራፊክ መብራት ሥር ሲለምኑ ሾፌሩ መስኮቱን ይዘጋባቸዋል። ታይላንድ ደግሞ በየሥራ ቦታው ታገኟቸዋላችሁ፤ መታወቂያቸው ላይ ያለው ፆታ ግን አይቀየርም። ሕግ ቢቀበል ሰው ላይቀበል ይችላል፤ ሰው ቢለምድም ሕጉ ላይለምድ ይችላል።

«ይሄ የውጭ ነገር ነው» የምትሉኝ አትጠፉም። በደቡብ ኦሞ በማሌ ሕዝብ ዘንድ ግን ወንድ ሆነው ተወልደው የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ «አሽቲሜ» የሚባሉ ሰዎች እንደነበሩ ዶናልድ ዶንሃም የተባለ አንትሮፖሎጂስት ጽፏል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አናምታታ። አንደኛው ሰው ራሱን ወንድ ወይም ሴት ነኝ ብሎ የሚረዳበት ስሜት ነው። ይህ ከተወለደበት ፆታ ጋር አለመግጠሙን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ከአእምሮ ሕመም ምድብ አውጥቶታል። ሁለተኛው አካል ነው፤ ሲወለድ ብልቱ የወንድ ይሁን የሴት በግልጽ የማይለይ ሕጻን አለ። በእኛ ሀገር «ፍናፍንት» ይባላል፤ ቃሉ ስድብም ሆኗል።

ስለ መጀመሪያው ሃይማኖታችንም ሕጋችንም የያዙት አቋም ይታወቃል። እኔ የምለው፣ ሀኪም ቤት የመጣ ሰው መጀመሪያ ታካሚ ነው። ከተሳቀበት ሁለተኛ አይመጣም።

ሁለተኛው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ራቤልና አካባቢው ሴት ስትወልድ እልልታው ራሱ ለወንድና ለሴት ቁጥሩ ይለያያል። «ምን ተወለደ?» ሲባል መልስ የሌላት እናት ምን ታድርግ? ልጇን ሸፍና ቤት ትቀመጣለች። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው!

ከእነዚህ ሕጻናት አንዳንዶቹ ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ በቂ ሆርሞን አታመርትላቸውም። ሰውነታቸው ጨው መያዝ ያቅተዋል። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት እምቢ ይላሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ ይደክማሉ፣ ይከሳሉ፤ ካልታከሙ ይሞታሉ። ሰፈሩ ግን «ቡዳ በላው» ወይም «እርግማን ነው» ይላል። በጊዜ ከደረሱ መድኃኒት አለው፤ በየቀኑ እየወሰዱ ያድጋሉ፣ ይማራሉ።

ስለዚህ፦

✅ የሕጻኑ ብልት ግልጽ ካልሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ትውከት እስኪጀምር አትጠብቁ።
✅ «ይህ ወንድ ነው»፣ «ይህች ሴት ናት» ብላችሁ ለመወሰን አትቸኩሉ፤ የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራ ያስፈልጋል።
✅ ያስቸኮለን የጎረቤት ወሬ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ይቆይ።
✅ አራስ ልትጠይቁ የሄዳችሁ ጎረቤቶች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበቃል። ገልጣችሁ ለማየት አትሞክሩ።

ባንኮክ ያየነውን እዚህ አምጡ እያልኩ አይደለም። ማንም ዞር ብሎ አለማየቱን ግን ብንማረው ስንት ሕጻን ይተርፋል!

ለነፍሰ ጡር እህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።