የአራዊት ምሳሌ መጻሕፍትን ስለ መሰብሰብ

ሰው በግልጥ ሲመከር ብዙ ጊዜ ይቈጣል። ምክሩ በአራዊት ስም ሲነገረው ግን ይስቃል፤ ስቆም ሲያበቃ ያስባል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ጥበብን በአንበሳ፥ በጅብ፥ በጦጣና በቁራ አፍ አናገሩ። ጠቢቡ ሰሎሞንም ታካች ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር መከረ። የአራዊትን ጠባይ ለነፍስ ትምህርት የሚተረጕመው ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍም ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በአውሮፓ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ ተናጋሪ የግሪኩ ኤዞፕ ነው፤ እርሱም ባሪያ ነበረ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ካክስተን የሚባል አታሚ የኤዞፕን ምሳሌዎች በእንጨት ከተቀረጸ ሥዕል ጋር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1484 ዓ.ም. አተመ። ፈረንሳዊው ላፎንቴንም በ1668 ዓ.ም. ምሳሌዎችን በግጥም ማውጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለልጆች የሚሆን ባለሥዕል የምሳሌ መጽሐፍ በብዙ አገር ታትሟል። በኢትዮጵያም ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በሚባለው መጽሐፋቸው ብዙ ተማሪዎችን አስተምረዋል።

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚኖር ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አግኝቶ ቢያኖር መልካም ያደርጋል። ሸንኮራ ሲበላ ያልቃል፤ መጽሐፍ ግን ሲነበብ አያልቅም። መጽሐፉን በክረምት ከዝናብ፥ ሁልጊዜም ከአይጥና ከምድጃ ጢስ ሊጠብቀው፥ በንጹሕ እጅም ሊገልጠው ይገባል። የሥዕሉን ቅጠል ቀዶ በግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ግን መጽሐፉን ያጐድላል፤ በግድግዳውም ላይ ጢስ ያጠቍረዋል።

ነገር ግን መጽሐፍን መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም። በቡሬ አጠገብ ባለ አንድ አገር ባለሥዕል መጻሕፍትን እጅግ የሚወድ ልጅ ነበረ ይባላል። ማታ በእሳት ዳር አያቱ «ልጄ፥ አህያ ከጅብ እንዴት እንዳመለጠች ልንገርህ» ትለው ነበር። እርሱ ግን «እምዬ፥ አሁን ሥዕል እያየሁ ነው፤ ነገ ንገሪኝ» ይላት ነበር። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ይገልጥ ነበር። ክረምት ሲወጣ አያቱ ታመመች፥ ሞተችም። ከዚያ በኋላ መምህሩ ተማሪዎቹን «እያንዳንዳችሁ የአገራችሁን ተረት ንገሩ» ሲሉ ልጁ የአህያይቱን ነገር ጀመረ፤ መጨረሻውን ግን አላወቀውም። ወደ ቤቱም ሮጦ መጻሕፍቱን ሁሉ አገላበጠ። አንበሳው አለ፥ ተኵላው አለ፥ ቁራውም አለ፤ የአያቱ አህያ ግን በአንዱም ውስጥ አልተገኘችም።

ከኤዞፕ ምሳሌዎች አንዱ ይህን ልጅ ይመስላል። አንድ ውሻ ሥጋ በአፉ ይዞ ወንዝ ሲሻገር ጥላውን በውኃው ውስጥ አየ። ሌላ ውሻ የሚበልጥ ሥጋ የያዘ መስሎት ሊነጥቀው አፉን ከፈተ። የያዘውም ሥጋ ወደቀ፥ ውኃም ወሰደው።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ እንደ ውኃ ጥላ ከንቱ አይደለም። ልጅም ከውሻው ይልቅ ዕድለኛ ነው። ውሻው አንድ አፍ ብቻ ነበረው፤ ለልጅ ግን መጽሐፍ የሚያይበት ዓይን፥ አያቱን የሚሰማበት ጆሮ፥ የሰማውንም የሚጽፍበት እጅ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ብልህ ሰብሳቢ ከታተሙት መጻሕፍት አጠገብ አንድ ባዶ ደብተር ያኖራል። የአያቱንና የጎረቤቱን ተረት እንደ ሰማ ይጽፍበታል፤ ሥዕሉንም ራሱ ይሥላል። በሩቅ አገር የተሣለው ውሻ የሩቅ አገር ወንዝ ይሻገራል፤ የቡሬ ልጅ ግን ውሻውን በፈጣም ወንዝ ላይ ሊሥለው ይችላል። በጎጃም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም ተረትን አልናቁም፤ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የሚባል መጽሐፍ አሳትመዋል።

ደብተሩም ሆነ መጽሐፉ በሣጥን ተቈልፎ እንዳይቀር፥ የሚያነብ ልጅ ፊደል ላልቈጠሩት ታናናሾቹና ለእረኛ ጓደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። በጎተራ ተዘግቶ የቀረውን እህል ነቀዝ ይበላዋል፤ የተዘራው ግን ይበዛል። የታተመ መጽሐፍ ነገም ይገኛል፤ የአያት ቃል ግን ዛሬ ካልተሰማ ነገ ላይገኝ ይችላል።