ቁጥሩ አለ፣ መከላከያው የለም

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የቱርኩ ተኳሽ የዩሱፍ ዲኬች ፎቶ በየስልካችን ሲዞር ሰነበተ። የ51 ዓመት ጎልማሳ ቲሸርቱን ለብሶ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ቤቱ ጋዜጣ የሚያነብበት የሚመስል መነጽር አድርጎ ቆሟል። በዚያ አኳኋን ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ዬጂ ግን በአንድ ዓይኗ ፊት ልዩ ሌንስ፣ በሌላው ፊት መጋረጃ ገጥማ ነበር የታየችው። ሰዉ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን እያደረገ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ቀልዱ ቡራዩ አንድ የብረት ሥራ ቤት ውስጥ ቁም ነገር ሆኖ ጠበቀኝ። በር እንዲሠራልኝ ያዘዝኩት ወጣት በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ዓይኑ ላይ ያለው ሐኪም ያዘዘለት መነጽር ብቻ ነው። «ጎግል የለህም እንዴ?» አልኩት። «መነጽር አድርጌያለሁ እኮ ጋሼ፤ ያ ቱርክ ሜዳሊያ የበላው በእንደዚህ ዓይነቱ አይደል?» አለኝ።

ልጁ ብልህ ነው፤ ክርክሩ ግን አይሠራም። ዲኬች የሚተኩሰው ትንሽ ጥይት ከእሱ ወደ ዒላማው ነው የሚሄደው። መነጽሩ አጥርቶ እንዲያይበት እንጂ የሚመጣበትን ነገር እንዲያቆምለት አልተጠየቀም። እንዲያም ሆኖ የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ሲመታ የማይፈረካከስ መነጽር እንዲያደርጉ አጥብቆ ይመክራል። የግራይንደር ዲስክ ደግሞ በደቂቃ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ ፍንጣሪውን የሚረጨው ወደ ሠራተኛው ራሱ ነው። በእኛ ሀገር ዒላማ ተኩስ የቅዳሜ መዝናኛ ሆኖ አልተስፋፋም፤ የጦር መሣሪያውም ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። ተኳሾች ለዓይናቸው ያሰቡትን የሚፈልግ ሰው ግን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሞልቷል። በ2015 ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር የገቡት እነዚህ ከተሞች ፋብሪካውንም፣ ጋራዡንም፣ የድንጋይ ካባውንም የያዙ ናቸው።

ተራው መነጽር ሲመታ ምን እንደሚሆን እንይ። አብዛኛው ሌንስ ተራ ፕላስቲክ ነው፤ የድሮው ደግሞ ብርጭቆ። ጠንካራ ነገር ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ስባሪው የሚሄደው ወደ ዓይን ነው። ሌንሱ ባይሰበር እንኳ ተራ ፍሬም ሌንሱን ከኋላ አጥብቆ ስለማይይዘው ሙሉው ሌንስ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጎኑ ደግሞ ክፍት ነው። ፍንጣሪ ከፊት ለፊት ብቻ እንዲመጣ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ግድግዳ ነክቶ፣ የጎረቤት ሠራተኛ ረጭቶት፣ በጉንጭና በፍሬም መካከል ሾልኮ ይገባል።

ለመከላከያ የሚመረጠው ሌንስ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ነው። ሲመታ ይጎደጉዳል እንጂ በቀላሉ አይፈረካከስም፤ አልትራቫዮሌት ጨረርንም ያስቀራል። ከተራው ፕላስቲክ ቀጭንና ቀላል ሆኖ ስለሚሠራ የመነጽር ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው አፍንጫው ላይ ሸክም አይሆንበትም። ጉድለቱ ሁለት ነው። ቶሎ ይጫጫራል፤ ስለዚህ ጭረት የሚከላከል ሽፋን ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ከበድ ሲል ደግሞ በሌንሱ ዳር በኩል የሚታየው ነገር ጠርዙ ላይ ቀለም ያወጣል። ይህ የሚያስቸግረው ሰው ትራይቬክስ የሚባለውን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ እሱም ምት ይችላል፣ እይታውም የጠራ ነው። መነጽር ቤት ገብታችሁ «የማይሰበር ነው» ሲሏችሁ «ስሙ ማን ነው? ፖሊካርቦኔት ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የማይሰበር» የሻጭ ቃል ነው።

ሌንሱ ብቻውን ግን ግማሽ ሥራ ነው። ጥሩ ፖሊካርቦኔት በፋሽን ፍሬም ውስጥ ማስገባት ጠንካራ መዝጊያ በካርቶን መቃን ላይ እንደ መስቀል ነው። ዜድ 87.1 በሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ከፍተኛውን የምት ፈተና የሚያልፈው መነጽር 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይተኮስበታል፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ሹል ብረትም ከ127 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይጣልበታል። የአውሮፓው ኢኤን 166 ደግሞ ኤፍ በሚባለው እርከኑ 6 ሚሊ ሜትር ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር ይተኩሳል። የአሜሪካውን ፈተና ያለፈው በላቲን ፊደል የተጻፈ ዜድ፣ 87 ቁጥርና የመደመር ምልክት ይታተምበታል። ቁጥር ላለው ሌንስ ተብሎ የተሠራ ፍሬም ደግሞ 87-2 የሚል ይዞ ይመጣል። ምልክት ሊኮረጅ እንደሚችል አውቃለሁ፤ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ሌላ ሰው እንዲነግረው አይፈልግም። ሆኖም ምልክት ያለው ሁሉ እውነተኛ ባይሆንም ምንም የሌለበትን «መከላከያ ነው» ብሎ መግዛት ዓይንን በዕድል ማስያዝ ነው።

የእኔ ዋና ቅሬታ ግን ጎግል ከማይሰጠው ይልቅ በሚሰጠው ቀጣሪ ላይ ነው። ፋብሪካው ጎግል ገዝቷል፣ ስቶር ኪፐሩ አስፈርሞ አድሏል፣ ፋይሉ ሙሉ ነው። ጎግሉ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥር የለውም። መነጽር የሚያደርገው ሠራተኛ ምን ያድርግ? የራሱን አውልቆ ጎግሉን ካደረገ የሚቆርጠውን መስመር አያይም። ያልታየው ዲስክ ደግሞ ጣት ይወስዳል። ጎግሉን በመነጽሩ ላይ ልደርብ ካለ የመነጽሩ ጆሮ ጎግሉን ከፊቱ ያርቀዋል፣ ውስጡ በላብ ይሸፈናል፣ ከእኩለ ቀን በፊት ግንባሩ ላይ ይሰቅለዋል። አለቃው ሲያልፍ «ጎግልህን አድርግ!» ብሎ ይቆጣል። ሰውዬው ዕቃው አልሆነውም እንጂ ግዴለሽ አልሆነም።

ዓለም ላይ ያሉ ተኳሾች ይህን ችግር በሦስት መንገድ ነው የሚፈቱት። አንደኛው በመነጽር ላይ እንዲደረብ ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ መከላከያ ነው። ርካሹ እሱ ነው፤ ለጎብኚ፣ ለአጭር ሥራ፣ ግራይንደር በሳምንት አንዴ ለሚነካ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው ከመከላከያው ጀርባ የምትሰካ፣ ቁጥር ያላት ትንሽ ፍሬም ናት። የፊተኛው ሌንስ ሲጫጫር እሱን ብቻ ቀይሮ ቁጥሩን ማስቀረት ስለሚቻል ወጪዋ በረጅሙ አይከፋም፤ ግን በሁለቱ ሌንሶች መካከል አቧራና ጭጋግ ይገባል። በሱሉልታ የማለዳ ብርድ ትንፋሽ ብቻውን መነጽር ሲያደበዝዝ አስቡት፤ ሁለት ሌንስ ሲሆን ይብሳል። ሦስተኛው ራሱ መከላከያው በቁጥር የተሠራ፣ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት የሚቆርጥ ወይም ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው የሚያስፈልገው ይኼ ነው። ሌላው ማስታገሻ ነው ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ተኳሾች በደንብ ያሰቡበት፣ የእኛ ሠራተኛ ግን ማንም ያልነገረው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የርቀት ጉዳይ ነው። ተኳሽ ሦስት ነገር ማየት አለበት፤ የኋላ ማነጣጠሪያውን፣ የፊቱን ማነጣጠሪያ፣ ዒላማውን። ዓይን በአንድ ጊዜ ሦስቱንም አጥርቶ አያይም። ስለዚህ ባለሽጉጡ አብዛኛውን ጊዜ ክንዱን ዘርግቶ የፊቱ ማነጣጠሪያ የሚሆንበትን ርቀት ለክቶ ለዚያ የሚሆን ቁጥር ያሠራል። አሁን የ45 ዓመት በያጅ አስቡ። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን የውስጥ ሌንስ እየደረቀ ቅርብ ማየት ስለሚከብድ፣ መነጽር ቤት ሄዶ መጽሐፍ አስይዘው ለ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የማንበቢያ መነጽር ይሰጡታል። እሱ ግን ብረቱን የሚያየው ከ60 ወይም ከ70 ሴንቲ ሜትር ነው። በማንበቢያው አጥርቶ ለማየት ጎንበስ ይላል፣ ፊቱን ወደ ፍንጣሪው ያስጠጋል። መነጽሩ ራሱ ወደ አደጋው ይጎትተዋል ማለት ነው። ሲመረመር «ሥራዬ ይኼ ነው፣ ከዓይኔ እስከ ሥራዬ ይህን ያህል ነው» ብሎ በክንዱ ማሳየት አለበት። ሥራ ቦታው ላይ በሜትር ለክቶ ቢሄድ ደግሞ የተሻለ ነው።

ድንጋይ ጠራቢዎቹ ዘንድ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኮብልስቶን ብዙ ወጣት ቀጥሯል፤ ዲግሪ ይዞ መዶሻ የጨበጠ ሁሉ አለ። ተቀምጦ፣ ድንጋዩን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሲመታ ፍንጣሪው ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ከጉንጭ ጋር የማይገጥም መነጽር እዚህ ዋጋ የለውም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሯጮች የሚያደርጉትን የሚመስል ባለ ቀለም የፀሐይ መነጽር ያደረጉ ጠራቢዎች አይቻለሁ። ያምርባቸዋል። ነገር ግን የፀሐይ መነጽር ፀሐይን እንጂ ድንጋይን እንዲያቆም አልተሠራም፤ ጥላ ቦታ ሲሠሩ ደግሞ እይታ ይቀንሳል።

የብየዳው ጉዳይ አጭር ነው፤ በፀሐይ መነጽር አይበየድም። ለተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ 10 ቁጥር ወይም ከዚያ የጠቆረ መስተዋት ያለው የፊት መከላከያ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሌሊት ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁራል፤ ጨረሩ ጉዳቱን የሚያሳየው ከሰዓታት በኋላ ነውና። ብዙዎች የሚረሱት ግን ብየዳው አልቆ መከላከያው ወደ ላይ ሲገለበጥ፣ ብየዳው ላይ የደረቀው ቆሻሻ በመዶሻ ሲራገፍ የሚመጣውን ፍንጣሪ ነው። ያን ጊዜ ዓይን ላይ የሚቀረው ከሥር የተደረገው መነጽር ብቻ ነው፤ እሱ የሐኪም ተራ መነጽር ከሆነ ባዶ ነው።

ብረት ዓይን ውስጥ ሲገባ ጓደኛ በክብሪት እንጨት ወይም በመሐረብ ጫፍ ያወጣል። ይህን ልማድ እፈራዋለሁ። የብረት ፍንጣሪ በዓይን ብሌን ፊት ባለው ግልጽ ሽፋን ላይ ሲቀመጥ በሰዓታት ውስጥ ዝገት ይተዋል፤ ፍንጣሪው ወጥቶ ዝገቱ ይቀራል። ያልጸዳ እንጨት ደግሞ ቁስሉ ላይ ኢንፌክሽን ይጨምራል። ዘልቆ የገባ ከሆነ ማሸትም መጫንም ጉዳቱን ያባብሳል፤ ሳይነኩ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለው የዓይን ክፍል የታወቀ ነው፤ ከሰበታም ከሱሉልታም መውረድ ይቻላል። በዚያ ግልጽ ሽፋን ላይ ጠባሳ ከቀረ መፍትሔው የተለገሰ ብሌን መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

ሰበታና ዓይን ሲነሱ ሁሉም ሰው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱን መርሐ ዕውራንን ያስታውሳል። ያንን ትምህርት ቤት እንደ ማስፈራሪያ የሚጠቅሱትን አልወድም። ከዚያ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ወጥተዋል፤ የትምህርት ቤቱ ተማሪ የግራይንደር ማስጠንቀቂያ ፖስተር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ1998 የተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት 3.7 በመቶው ሕዝብ ዝቅተኛ እይታ እንዳለው፣ ከዚህም አንድ ሦስተኛው የሚሆነው መነጽር በሚያርመው የእይታ ጉድለት የመጣ መሆኑን አሳይቷል። መነጽር የሚያስፈልገው ግን የሌለው ሠራተኛ ብዙ ነው ማለት ነው። ለእሱ ቁጥር ያለው መከላከያ መስጠት ሁለት ጉድለት በአንድ ጊዜ መሙላት ነው፤ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራውን አጥርቶ ያያል።

ማን ይክፈል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዛል። እኔ የምለው መነጽር ለሚያደርግ ሰው መከላከያ ማለት ቁጥር ያለው መከላከያ ነው። እግሩ 44 የሆነን ሠራተኛ 39 ቁጥር ቡት ሰጥቶ «አቅርቤያለሁ» የሚል አሠሪ የለም። «ውድ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ ስንት መነጽር አድራጊ እንዳላቸው ቆጥረው ያውቁ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ለሁሉም መግዛት የለባቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው በምርመራ ይለያሉ፣ ለቀሪዎቹ የተለመደው ጎግል ይበቃል።

አስቸጋሪው የማኅበር ሠራተኛውና ተለማማጁ ነው። ኮብልስቶን የሚጠርቡት በማኅበር ተደራጅተው ራሳቸው አሠሪም ሠራተኛም ናቸው፤ የሰፈር ብረት ቤት ተለማማጅ ደግሞ ውል የለውም። አዋጁ እነሱ ጋር ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል። ሥራውን የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ለድንጋዩ በካሬ ሜትር ዋጋ ሲያወጣ፣ የዓይን ምርመራና የመከላከያ መነጽር የሚል አንድ መስመር ዋጋው ውስጥ ማስገባት ይችላል። ማኅበሩ ገንዘቡን በጥሬው ተቀብሎ ለሌላ እንዳያውለው ክፍያው ለመነጽር ቤቱ በቀጥታ ይሁን።

መነጽሩ ከተገኘ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። አቧራውን በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት፤ በውኃ አጥቡት፣ ለስላሳ ጨርቅ ይከተል። በቲነር ወይም በአሴቶን የሚያጸዳ በያጅ አይቻለሁ፤ ቀለም የነካውን ሁሉ የሚያጥበው በእሱ ስለሆነ ልማድ ሆኖበት ነው። አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጣጥቀዋልም፤ ያን የመሰለ ሌንስ ከዚያ ወዲያ ምት አይችልም። ከባድ ፍንጣሪ አንዴ ያረፈበት ሌንስም ሥራውን ጨርሷልና ስንጥቅ ባይታይበት እንኳ ይቀየር።